ክብሯን ጠብቆ በደህና ማዋለድ፦ ለማዋለጃ ክፍል ባለሙያዎች የተግባር መመሪያ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣውን የምጥ መከታተያ ቅጽ ከፍታችሁ እዩ። ከፅንሱ የልብ ምት መስመር በፊት አራት ጥያቄዎች ተቀምጠዋል፦ አጠገቧ የምትፈልገው ሰው አለ? የሕመም ማስታገሻ እርዳታ አግኝታለች? ፈሳሽ ትጠጣለች? በጀርባዋ ተንጋላለች ወይስ እንደፈለገች ትንቀሳቀሳለች? መልሱ «ሰው የላትም» ወይም «ተንጋላለች» ከሆነ፣ የፅንሱ ልብ በደቂቃ ከ110 በታች ሲወርድ እንደሚደረገው ሁሉ ይከበባል፤ ምን እንደተደረገም ከሥር ይጻፋል። በዚህ ቅጽ ላይ ብቻዋን የምታምጥ እናት የሚያሳስብ ምልክት ናት።

ይህ መመሪያም የሚነሳው ከዚያው ነው። እናትን ማክበርና እናትን ከሞት ማትረፍ አንድ ሥራ ነው። ስትጮህ የተቆጣናት እናት ራሷን ሲያዞራት፣ ደም ሲፈሳት ዝም ትላለች። ሰው ፊት የተገላለጠች እናት ለሁለተኛው ልጇ ጤና ጣቢያ አትመጣም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የመድኃኒት መጠንም ሆነ የአነጋገር ሥርዓት እኩል ግዴታ ነው።

ስትገባ

ከካርድ በፊት እናቲቱን እዩ። ደም እየፈሰሳት ከሆነ፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ራሷን ከሳተች፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለባት፣ ካተኮሳት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀረባት፣ ወረፋም ካርድም አይጠበቅም፤ ቀጥታ ወደ አልጋ ትገባለች፤ ካርዱን ቤተሰብ ያወጣል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት ከክፍያ ነፃ ነው። ጓንት ግዙ ተብላ እናት በር ላይ የምትቆምበት፣ ወይም በሌላ ዕዳ ምክንያት እናቲቱ ወይም ሕፃኑ እንዳይወጣ የሚያዝበት ምክንያት የለም።

ቀጥሎ ስማችሁንና ሙያችሁን ንገሯት፤ «ምን ብዬ ልጥራሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። በዕድሜ የምትበልጣችሁ ከሆነች አንቱታውን አትንፈጓት። አማርኛ የማትችል ከሆነች ከሠራተኛው መካከል ቋንቋዋን የሚያውቅ ፈልጉ። ባሏን ወይም ትንሽ ልጇን አስተርጓሚ ማድረግ አደገኛ ነው፤ ስለ ቀድሞ ውርጃ፣ ስለ ኤችአይቪ ወይም ቤት ውስጥ ስለሚደርስባት ድብደባ በእነሱ በኩል እውነቱን አትናገርም፤ የጎደለው መረጃ ደግሞ ነገ በሕክምናው ላይ ይወጣል። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት እናት ካርድ ሽፋን ላይ ምልክት ወይም የተለየ ቀለም ማድረግ ምሥጢር ማውጣት ነው፤ ውጤቱ በካርዱ ውስጥ፣ መድኃኒት የሚሰጠው ሰው በሚያየው ቦታ ብቻ ይጻፍ።

አጠገቧ የሚሆነውን ሰው ራሷ ትምረጥ፦ እናቷን፣ እህቷን፣ ባሏን፣ ጎረቤቷን። «ክፍሉ ጠባብ ነው» የሚለው ሰበብ በአብዛኛው የመጋረጃ ጉዳይ ነው። በአልጋና በአልጋ መካከል ሽቦ ተወጥሮ እስከ ጉልበት የሚወርድ ጨርቅ ቢሰቀል፣ የአንዷ አጃቢ የሌላዋን ገላ አያይም። አጃቢዋ ምን እንድትሠራ ንገሯት፦ ወገቧን ታሻት፣ ውሃና ሻይ ታጠጣት፣ ስትራመድ ትደግፋት፣ ደም ካየች ቶሎ ትጥራችሁ።

ሕጉም ከዚህ ጎን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚደርስባቸው ጉዳት እንዲጠበቁ ይደነግጋል። ጥፊ፣ ጭን መቆንጠጥ፣ «ስታረግዢ እንዲህ ጮኸሽ ነበር?» የሚለው ስድብ በየትኛውም የሥራ ጫና ሰበብ ሊያልፍ አይችልም።

የውስጥ ምርመራ

ክብር ብዙ ጊዜ የሚጣሰው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

መጋረጃው ይዘጋ። ሽንቷን እንድትሸና ጠይቁ። ከዚያ ምን እንደምታደርጉ፣ ለምን እንደሆነና ምን ያህል እንደሚቆይ ንገሯት፦ «የማህፀንሽ በር ምን ያህል እንደተከፈተ በሁለት ጣት ላየው ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ምጡ ሲያልፍልሽ እጀምራለሁ። አቁሚ ካልሽኝ አቆማለሁ። ላድርገው?» መልሷን ጠብቁ። አንገቷን ከነቀነቀች ወይም «እሺ» ካለች ቀጥሉ፤ እግሯን ከገጠመች ገና አልፈቀደችም ማለት ነው፤ በጉልበት አትክፈቱት። ነጠላ ወይም አንሶላ ከወገቧ በታች ይሸፍናት፤ የሚገለጠው የሚታየው ቦታ ብቻ ይሁን። እጃችሁን ታጠቡ፣ ንጹሕ ጓንት አድርጉ፣ ምጡ ጋብ ባለበት ሰዓት ግቡ። ስትጨርሱ ያገኛችሁትን ከባልደረባችሁ በፊት ለራሷ ንገሯት፦ «ስድስት ሴንቲሜትር ተከፍቷል፤ ልጁ በጭንቅላቱ ነው የመጣው፤ ልቡም ደህና ይመታል።»

ጤናማ በሆነ ምጥ በየ4 ሰዓቱ አንድ ጊዜ ይበቃል። ሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ እያንዳንዱ ተጨማሪ ምርመራ ተሕዋስያንን ወደ ውስጥ የመግፋት ዕድሉን ይጨምራል። ተማሪዎች የሚለማመዱ ከሆነ ይህ በስማቸውና በቁጥራቸው ተነግሯት ፈቃድ ትስጥ፤ አንድ ምርመራ አስተማሪውና አንድ ተማሪ እንዲያዩት ይደረግ እንጂ አምስት ተማሪ ተራ በተራ አይገባም። እምቢ ካለች አገልግሎቷ ቅንጣት አይቀንስም።

ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልግ ፈቃዱ የእሷ ነው። ባል ወይም አማት መጥተው እስኪፈርሙ ነቅቶ የሚያወራን ሰው ማቆየት መብቷንም ጊዜዋንም መንጠቅ ነው። ምክንያቱን፣ አደጋውንና ሌላ አማራጭ መኖር አለመኖሩን በምትረዳው ቋንቋ ነግራችሁ ራሷ ትፈርም፤ መጻፍ ካልቻለች በጣት አሻራ፣ ምስክር ባለበት። ራሷን ስታ ከሆነና ሕይወቷ በደቂቃ የሚለካ ከሆነ ግን ማንም አይጠበቅም።

በምጡ ጊዜ

ንቁ ምጥ የሚባለው የማህፀን በር 5 ሴንቲሜትር ሲከፈት ነው። ከዚያ በፊት «አልሄደችም» ብሎ ምጥ ማፋጠን ብዙ ጤናማ እናቶችን ወደ አላስፈላጊ ቀዶ ሕክምና ይወስዳል። ከ5 በኋላ የፅንሱን ልብ በየ30 ደቂቃው ለአንድ ሙሉ ደቂቃ፣ በተለይ ምጡ እንዳለፈ አዳምጡ፤ መግፋት ስትጀምር በየ5 ደቂቃው። ከ110 በታች ወይም 160ና ከዚያ በላይ ከሆነ በግራ ጎኗ አስተኟት፣ ሐኪም ጥሩ፣ ያደረጋችሁትን ጻፉ። የደም ግፊቷ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም።

ትራመድ፣ ትንበርከክ፣ በርጩማ ላይ ትቀመጥ፣ በጎኗ ትተኛ። ሙሉ በሙሉ በጀርባዋ ስትተኛ ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫናል፣ ለፅንሱ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ጤናማ ምጥ ላይ ያለች እናት ውሃ፣ ሻይ፣ አጥሚት ትጠጣ። ማርያም ማርያም ስትል ዝም አታሰኟት፤ ሌላም እምነት ካላት በሱው ትጽናና።

ሽንት በየ2 ሰዓቱ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን የሞላ ፊኛ ልጁ እንዳይወርድ ያግዳል፣ ከወሊድ በኋላም ማህፀኑ እንዳይኮማተር ያደርጋል። ምጡ ተዘግቶ ለቀናት ሲቆይ ደግሞ የልጁ ጭንቅላት ፊኛውን ከአጥንት ጋር አጣብቆ ሥጋውን ይገድለዋል፤ የሞተው ሥጋ ቀዳዳ ይተዋል፣ ሽንትም ሳይገታ ይፈሳል፤ ፊስቱላ ማለት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የተከፈተው የፊስቱላ ሆስፒታል ላለፉት አሥርት ዓመታት ሲጠግን የኖረው ይህንን ጉዳት ነው። መከላከያው ጊዜውን ጠብቆ የተሞላ ቅጽና ሳይዘገይ የተላከ ሪፈር (ወደ ከፍተኛ ሕክምና ማስተላለፍ) ነው።

ሆድን በክንድ መጫን ይቅር። ማህፀን ሊቀድ፣ የጎድን አጥንት ሊሰብር ይችላል። ለመጀመሪያ ወላጅ ሁሉ ብልት መቅደድም አያስፈልግም፤ ፅንሱ ተጨንቆ ቶሎ መውጣት ሲኖርበትና መሰል ምክንያት ሲኖር ብቻ፣ ተነግሯትና ተደንዝዞ ይደረጋል።

ሁለት መድኃኒቶች

ማህፀኑን አኮማትሮ ደም የሚያቆመው ኦክሲቶሲን በ2 እና 8 ዲግሪ መካከል በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር የዋለ አምፑል ውሃ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ እናቲቱ ስትደማ ነው የሚታወቀው። መብራት ለሚቆራረጥበት ቦታ በረዶ የያዘ የክትባት ሳጥን ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ አምፑሉ ግን በረዶውን አይንካ፣ አይቀዝቅዝ። ልጁ ከተወለደ በኋላ ሆዷን ዳስሳችሁ ሁለተኛ ልጅ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት በጡንቻ ስጡ። ልጁ ሳይወለድ በጡንቻ መስጠት ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ማህፀን ይቀደዳል፣ ፅንስ ይታፈናል። ለዚህ ነው ቀድሞ የተሞላ ሲሪንጅ ስሙና መጠኑ በፕላስተር ሳይጻፍበት ጠረጴዛ ላይ የማይቀመጠው።

ከደም ግፊት የሚመጣውን መንቀጥቀጥ የሚከላከለውና የሚያቆመው ማግኒዚየም ሰልፌት የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ስህተቱም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቅልቅሉ ላይ ነው። አምፑሉ 50 በመቶ ነው፤ አንዱ 10 ሲሲ ሲሆን 5 ግራም፣ ሌላው 20 ሲሲ ሲሆን 10 ግራም ይይዛል። «አንድ አምፑል» ብሎ ማዘዝም ሆነ መቀበል ክልክል ይሁን፤ በግራም ይነገር። የመጀመሪያው ዶዝ 4 ግራም በደም ሥር ነው፦ ከ50 በመቶው 8 ሲሲ ቅዱ፣ 12 ሲሲ ንጹሕ የመርፌ ውሃ ጨምሩ፣ 20 ሲሲ ሙሉ ባለ 20 በመቶ ይሆናል፤ ከ5 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ቀስ እያላችሁ ስጡ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ መቀመጫ በጥልቀት 5 ግራም፣ ማለትም 10 ሲሲ ከ50 በመቶው፣ ሕመሙን ለመቀነስ ከ1 ሲሲ ባለ 2 በመቶ ሊዶካይን ጋር። ድምሩ 14 ግራም ነው። አንዱ ሲቀዳ ሌላው ባለሙያ አምፑሉን አንብቦ ስሌቱን ለብቻው ይሥራው።

ከዚያ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም በአንድ መቀመጫ፣ እያፈራረቁ፣ ከወለደች ወይም ለመጨረሻ ጊዜ ከተንቀጠቀጠች (ከሁለቱ የዘገየው ተቆጥሮ) እስከ 24 ሰዓት። ከእያንዳንዱ ዶዝ በፊት ሦስት ነገር ይታይ፦ ትንፋሽ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ ጉልበት ሲመታ የሚወረወር እግር፣ ባለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት ቢያንስ 30 ሲሲ ሽንት። አንዱ ከጎደለ ዶዙ ይቆያል። ትንፋሿ ከቆመ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) ንፉላት፣ የማግኒዚየሙን ጉዳት የሚያረክሰውን ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም (ባለ 10 በመቶው 10 ሲሲ) በደም ሥር ቀስ ብላችሁ ስጡ፤ ይህ አምፑል ከማግኒዚየሙ ጋር በአንድ ሳጥን ይኑር። የማግኒዚየሙ መርፌ ሲገባ ሰውነቷ እንደሚግላት አስቀድማችሁ ካልነገራችኋት ትደነግጣለች፤ ቤተሰቡም «ምን ወጓት?» ይላል።

ደሙን መለካት

በዓይን የተገመተ ደም ሁልጊዜ ያነሰ ነው፤ ጨርቅና ፍራሽ ይጠጣዋል። ልጁ እንደወጣ መለኪያ ያለው ፕላስቲክ ከሥሯ አንጥፉ። ከሌለ ንጹሕ ፕላስቲክና የተመዘነ ጨርቅ ተጠቀሙ፤ አንድ ግራም ወደ አንድ ሲሲ ይጠጋል። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ደሙን ለክቶ ሕክምናዎቹን በአንድ ላይ መጀመር ከባድ ጉዳትን በ60 በመቶ ቀንሷል።

500 ሲሲ ከደረሰ፣ ወይም ከዚያ በፊት የልብ ምቷ ሲፈጥንና ግፊቷ ሲወርድ፣ «ትንሽ እንይ» አይባልም። ማህፀኑን እሹ፤ ኦክሲቶሲን በደም ሥር ጀምሩ፤ ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ትራኔግዛሚክ አሲድ 1 ግራም በ10 ደቂቃ ውስጥ ስጡ (ከወሊድ ከ3 ሰዓት በኋላ ጥቅም የለውም)፤ ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) አስገቡ፤ የሽንት ፊኛዋን ባዶ አድርጉ፤ የእንግዴ ልጁ ሙሉ መሆኑን፣ የተቀደደ ቦታ መኖር አለመኖሩን እዩ፤ እርዳታ ጥሩ። እነዚህ አንዱ እስኪያልቅ ሌላው አይጠብቅም። አንድ ሰው ደግሞ ራስጌዋ ቆሞ የሚሆነውን ይንገራት፤ «አይዞሽ፣ ደም ስለበዛብሽ ነው፣ መድኃኒት እየሰጠንሽ ነው» የሚለው ድምፅ ነቅታ መልስ እየሰጠች መሆኗንም ያሳውቃችኋል።

ካለፈላት በኋላም ለመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በየ15 ደቂቃው ማህፀኑን ዳስሱ፣ ጨርቋን እዩ። የእንግዴ ልጁን ቤተሰቡ ወስዶ መቅበር የሚፈልግ ከሆነ በማይፈስ ከረጢት አስራችሁ ስጡ። ገንፎውም ይግባ።

ስፌት

ሳያደነዝዙ መስፋት ማሠቃየት ነው። «ወዲያው ከወለደች አይሰማትም» የሚለው ወሬ ውሸት ነው። ባለ 2 በመቶ ሊዶካይን 10 ሲሲ ከ30 ሲሲ ንጹሕ ኖርማል ሳላይን ጋር ቢቀላቀል 40 ሲሲ ባለ 0.5 በመቶ ይወጣዋል፤ በውስጡ 200 ሚሊ ግራም አለ። በኪሎ 4 ሚሊ ግራም ስለሚፈቀድ፣ 50 ኪሎ ለምትመዝን እናት ይህ ጣሪያው ነው። መርፌውን አስገብታችሁ ወደ ኋላ ሳቡ፤ ደም ካልመጣ ስጡ። 2 ደቂቃ ጠብቁ፤ በመቆንጠጫ ያዝ አድርጋችሁ «ይሰማሻል?» በሉ። ከተሰማት ሌላ 2 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ሞክሩ። የብዙው ሰው ስህተት ይህችን 2 ደቂቃ መዝለሉ ነው።

ሕፃኑ

ክፍሉ ከ25 ዲግሪ አይቀዝቅዝ። ወዲያው አድርቁት፤ እርጥቡን ጨርቅ ጥላችሁ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ካልተነፈሰ በአንደኛው ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ መንፋት ይጀመር፣ በደቂቃ 40 ያህል። ከተነፈሰ እትብቱ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ ይቆረጥ። በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይያዝ፤ ክብደትና መርፌ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ገላውን ማጠብ እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። ሕፃኑን ሳትነግሯት ከክፍሉ አታውጡ፤ የሚወጣ ከሆነ አጃቢዋ ትከተል።

በረኪናው

ደም የፈሰሰበት ቦታ መጀመሪያ በጨርቅ ይጠረግ፣ ከዚያ 0.5 በመቶ ክሎሪን 10 ደቂቃ ይቆይበት። ባለ 5 በመቶ በረኪና ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ፤ ባለ 35 በመቶ ዱቄት ከሆነ ለ1 ሊትር ውሃ 14 ግራም ያህል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን መቶኛ ሳያነቡ «እንደ ሁልጊዜው» መቀላቀል ወይ ተሕዋስያንን አይገድልም ወይ ቆዳ ያቃጥላል። በየቀኑ አዲስ ይሠራ።

ርክክብና ሪፈር

ርክክብ በአልጋዋ አጠገብ ይሁን፤ እሷም ትስማው፤ የተሳሳተ ነገር ሲነገር የምታርመው እሷ ናት። ሰው የማይሰማው ጉዳይ ግን ዘወር ተብሎ። አራት ነገር ይነገር፦ አሁን ምን ላይ ናት፣ ከምን ተነስታ፣ ምን ይመስለናል፣ ምን ይደረግ። የተሰጠ መድኃኒት ከሰዓቱ ጋር ይጻፍ። ሪፈር ሲሆን አምቡላንስ ከመነሳቱ በፊት ለተቀባዩ ደውሉ፤ ባለሙያ አብሮ ይሂድ፤ ወዴትና ለምን እንደምትሄድ ለእሷ ንገሯት።

ነገር ሲበላሽ

መድኃኒት ከተዛባ፣ ሕፃን ከተጎዳ፣ ለእናቲቱ በዚያው ቀን ይነገራት፦ ምን እንደሆነ፣ አሁን ምን እየተደረገ እንደሆነ፣ ይቅርታም ጭምር። ካርድ ላይ የተጻፈን መሰረዝ ወይም ገጽ መቀየር አይቻልም፤ እርማት ቀንና ፊርማ ይዞ ከሥር ይጨመራል። ሕፃኗ የሞተባት እናት የደስታ ድምፅ ከሚሰማበት ክፍል ትለይ፤ ሕፃኑን ማየትና ማቀፍ ከፈለገች ታጥቦ ተጠቅልሎ ይሰጣት፤ ካልፈለገች አትገደድ። የእናት ሞት ሲገመገም ጥያቄው «ማን?» ሳይሆን «የት ላይ ዘገየ?» ይሁን፤ ቅጣት የሚጠብቅ ሠራተኛ እውነቱን አይጽፍም።

የባለሙያዋ መብትም እዚሁ ውስጥ ነው። ሦስት ምጥ ላይ ያሉ እናቶችን ብቻዋን የያዘች አዋላጅ በየ5 ደቂቃው ልብ ማዳመጥ አትችልም፤ ይህ በጽሑፍ ለኃላፊ ይቅረብ፣ ቀኑ ይያዝ። መርፌ ከተጠቀሙበት በኋላ ክዳኑ አይመለስ፤ የስለት ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋ። መርፌ የወጋው ሠራተኛ ቦታውን ሳይጨምቅ በሳሙናና በውሃ ይጠብ፣ ወዲያው ያስመዝግብ፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በተቻለ መጠን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት ይጀመራል፣ ለ28 ቀናትም ይወሰዳል። መድኃኒቱ ለሌሊት ተረኛም በሚገኝበት ቦታ ይቀመጥ፤ ቁልፉ ጠዋት በሚገባ ሰው ኪስ ውስጥ አይደር።